በድንጋዩ ፈንታ

ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ከግእዙም፣ መተማ ገበያ ላይ ከተማርሁት ዐረብኛም። በእነዚያ ሁሉ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘኋቸው አንካሶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከገጹ ራስጌ ተኝተው ይገቡና ግርጌው ጋ ሳይደርሱ ዘለው ይነሣሉ። ሳይነሣ የቀረው ምን በልቶ እንዳደረ፣ ገበያ ሲያምረው በምን እንደሄደ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። በጽሕፈት የምተዳደር ሰው ስለሆንሁ ምክንያቱ አይጠፋኝም። የሚነሣ ሰው ለታሪክ ይመቻል፤ ተቀምጦ የሚቀር አይመችም። ልጄ ተቀምጠው ከቀሩት ወገን ናት።

ጓያ ነው የጎዳት። ጎጃም ሳለን ጎተራው ሲራቆት የደረሰልን ጓያ ብቻ ነበርና ቆልተንም ቀቅለንም በላነው። ሁላችንም በላን፤ እግሯን የተያዘችው እሷ ብቻ ናት። አንድ ማለዳ ስትነሣ ጉልበቷ አልዘረጋ አለ፤ ውሎ አድሮም እግሮቿ እንደ መቀስ ተጠላለፉ። እጇ ደህና ነው፣ አእምሮዋ ደህና ነው፣ ምላሷ ደግሞ ከደህናም ያልፋል። እናቷ በዚያው ክረምት ሞተችብን። ጦሩ ወደ ቤኒሻንጉል ሲወርድ ለሹሙ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ተፈልጎ እኔ ተገኘሁ፤ ልጄን በአህያ ጭኜ አሶሳ ገባሁ። አህያዋ ብዙ ሳትቆይ በገንዲ በሽታ ሞተች። ያ ቆላ የጭነት ከብት አያኖርም።

ከዚያ ወዲህ የልጄ ዓለም ከቀርከሃ የተሠራችው ቤታችን ደጃፍ ሆነ። ከደጃፉ ፊት ለፊት ወደ ወንዝ የሚወርድ መንገድ አለ። ጠዋት ጠዋት የበርታ ሴቶች ወርቅ ሊያጥቡ በዚያ ይወርዳሉ፣ ወደ ማታ ይመለሳሉ።

«አባ፣ ወንዙ ምን ይመስላል?» ትለኛለች።

እነግራታለሁ፤ ቋጥኙን፣ አሸዋውን፣ ዳር ዳሩን የበቀለውን ቀርከሃ።

«ይኼማ ትናንት የነገርከኝ ነው» ትላለች። «ዛሬስ?»

ለሹም የሚጻፍ ደብዳቤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለበትም።

ስለዚህ መጠየቅ ጀመርሁ። ለእንዲህ ያለች ልጅ ምን ይደረጋል? ማን ያውቃል? ወዴት ይኬዳል? ቁርዓን የሚያስተምሩ አንድ ሼህ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ቀለሙን በውሃ አጥበው እንድትጠጣው ሰጡኝ። የእጅ ጽሕፈታቸው ከእኔ ይበልጣል፤ ሲታጠብ አሳዘነኝ። ልጄ ጠጥታ «ይመራል» አለች እንጂ እግሯ እንደነበረ ነው። ጨው ይዞ ከሱዳን የመጣ ነጋዴ ደግሞ ከትልቁ ወንዝ ማዶ፣ ከተማውን ሦስት ጊዜ በሦስት ስም እየጠራ፣ አጥንት የሚያቀና ሐኪም እንዳለ ማለልኝ። ሐኪሙን አይቶት እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ያየው የአጎቱ ልጅ ነው። ከወታደሮቹ አንዱ እሳት ማስነካት ነው አለ፤ ሌላው ጅማት መቁረጥ ነው አለ። ሁሉም መድኃኒቱን ያውቃል፣ ማንም ጋ ግን የለም። ሁሉም ደግሞ ከመመለሱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ «ምን ሆና ነው?» ስነግረው ከንፈሩን ይመጥጣል። ከንፈር መምጠጥ ብቻ እግር የሚያቀና ቢሆን ልጄ እስካሁን ሯጭ በሆነች።

በዚህ መሃል በነጋዴ አፍ መልእክት ደረሰኝ። የሟች ባለቤቴ ወንድም ቄስ ናቸው፤ ክረምቱ ሲወጣ በቅሎ ይዤ እመጣለሁ፣ ልጅቱን ጠበሉ ካለበት ገዳም እወስዳታለሁ፣ እዚያው ትኖራለች ብለዋል። በጠበሉ አልቀልድም። የገዳሙን ደጅ ግን በወጣትነቴ አይቼዋለሁ፤ መሄድ የማይችሉት ከግንቡ ሥር በሰልፍ ተጋድመው ጥላው ሲዞር አብረው ይዞራሉ። ልጄን እዚያ ሰልፍ ውስጥ አሰብኋት። ከዚህ ደጃፍ የተለየ ሌላ መልስ ካላገኘሁ ቄሱን እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከደጃፉ አብሬያት ተቀምጬ ሴቶቹ ሲያልፉ አየሁ። እዚያ አገር ሴት በጀርባዋ አትሸከምም። ትከሻዋ ላይ ረጅም እንጨት ታጋድማለች፤ ከፊት ጫፉ አንድ መረብ፣ ከኋላ ጫፉ ሌላ መረብ ይንጠለጠላል። ሁለቱ ጫፎች ካልተመዛዘኑ እንጨቱ አይሄድም። በአንድ ወገን ቅርጫት ይዛ ለሌላው ወገን ጭነት ያጣች ሴት ድንጋይ ትጨምርበታለች። ከመካከላቸው አንዷ በስተፊት ዱቄት፣ በስተኋላ ሕፃን ልጇን አንጠልጥላ እያወራች አለፈች።

ጎረቤታችን የበርታ ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ማሽላ የምትሸጥ። አማርኛዋን የተማረችው ከወታደር ስለሆነ «ና»፣ «አምጣ»፣ «ተነሣ»፣ «ተሸከም» የሚሉትን ጥርት አድርጋ ታውቃለች፤ የቀረውን በገበያ ዐረብኛ እንሞላዋለን። በአማርኛዋ ሰው ሁሉ ወንድ ነው። ሄጄ ልጄን እንደዚያ እንደ ሕፃኑ ወንዝ ታደርስልኝ እንደሆነ ጠየቅኋት።

ሴትዮዋ ምን ሆና ነው አላለችኝም። ከንፈሯንም አልመጠጠችም።

«ምን ያህል ይከብዳል?» አለችኝ።

ስንት ሰው ስጠይቅ ከርሜ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም መልሱን አላውቀውም።

መጥታ ልጄን በብብቷ ይዛ አነሣቻትና መልሳ አስቀመጠቻት። «እንደ ማሽላ ነው» አለች። «ይቻላል። እኔ ግን አልሸከምም።»

«ለምን?»

«ልጁ ቢወድቅ አንተ ደብዳቤ ትጽፋለህ። ወታደር ይመጣል፣ ቤቴ ይቃጠላል።»

«እኔ አልጽፍም።»

«ሌላ ካቲብ ይጽፋል።» ካቲብ ማለት በዐረብኛ ጸሐፊ ነው፤ እስከ መጨረሻው ከዚህ ሌላ ስም አልሰጠችኝም። እውነቷን ነበር። የግብሩ ወርቅ አነሰ፣ ቶሎ ይግባ የሚለው ደብዳቤ የተጻፈው በእኔ እጅ ነው።

ልትሄድ ስትል ዘወር ብላ ትከሻዬን አየችው። «አንተ ትከሻ የለህም?»

በገበያ ቀን ቀርከሃ ቆርጬ፣ ሁለት መረብ አስሬ፣ ልጄን ባንዱ አስቀመጥሁ፤ በሌላው ድንጋይ ሞላሁ። እንጨቱ የሴት ነው። በዚያ አገር ወንድ፣ ያውም ደገኛ፣ ያውም የሹም ጸሐፊ እንጨት ተሸክሞ ገበያ ሲገባ የታየ አይመስለኝም። እኔ መቼም ሁሉም ቀኝ ሲል ግራ ማለት ደስ ይለኛል፤ የዚያን ዕለት ግን ከደስታው ይልቅ ትከሻዬ ይሰማኝ ነበር።

«ጌታው፣ ለእኛም ውሃ ይቅዱልን እንጂ» አለ አንድ ወታደር።

«ተዉት፣ ሊያገባ ነው፤ ሙያ እየተማረ ነው» አለ ጓደኛው።

ልጄ በመረቡ ውስጥ እንደ እንዝርት ትሾራለች። «አባ፣ ገበያው በየት በኩል ነው? አሁን ደሞ ቤታችን ነው የሚታየኝ።»

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አሳፋሪ ሳቅ ነበር፤ አንዷ የልጄን የተጠላለፈ እግር እያሳየች አስመሰለችው፤ ልጄ ደግሞ የሴትዮዋን አካሄድ መልሳ አስመሰለችባት፣ በእጇ። ይህን የምጽፈው የዚያ አገር ሰው መልአክ ነው እንዳይባልልኝ ነው።

ጎረቤታችን ማሽላዋን እንደያዘች ቀረበችና መረቤን አየች።

«አንተ ካቲብ፣ ድንጋይ ገበያ ትወስዳለህ? ማን ይገዛዋል?»

ድንጋዩን አንድ በአንድ አውጥታ ጣለች። ማሽላዋን በቦታው ከታ፣ ከልጄ ጋር እኩል እስኪሆን እየቀነሰች አስተካከለች። የተረፈውን ራሷ ላይ አደረገችና ያንን የጠራ አማርኛዋን ተናገረች፤ «ተሸከም።»

ተሸከምሁ። ልጄ መሾሯን ተወች። ከዚያ እስከ ገበያው መሃል ድረስ የልጄ ክብደት ለአንዲት ሴት ማሽላ ሲያገለግል አየሁ። ከጎጃም ጀምሮ እሷን ያየ ሁሉ ያዝንላት ነበር፤ ይህች ሴት ግን ፈለገቻት።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን፤ የገበያ ቀን እኔ ልጄንና የጎረቤቴን ማሽላ ተሸክሜ፣ ሴቶቹ ሳቃቸውን ይዘው። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ሹሙ ዘንድ ሄጄ ጠዋት ስመለስ ደጃፉ ባዶ ነው። እንጨቱም የለም። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ልጅ ጠፋ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሚሸጥ ሰው በየመንገዱ ይነዳ ነበር። ሮጥሁ። ከጉብታው አናት ስደርስ ቁልቁል አየኋቸው።

ሴቶቹ በአንድ ረድፍ ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ከእንጨቶቹ በአንዱ ጫፍ የቀኑ ዱቄትና ማሰሮ፣ በሌላው ጫፍ ልጄ። ጥቂት ይሄዱና የፊተኛዋ ትከሻዋን ዝቅ ስታደርግ የኋለኛዋ ከሥሩ ገብታ ትቀበላታለች፤ እንጨቱ አይቆምም፣ መሬት አይነካም። ከሁለተኛዋ ወደ ሦስተኛዋ፣ ከሦስተኛዋ ወደ ሌላዋ። ልጄ አንዴ በስተፊት ትሆናለች፣ አንዴ በስተኋላ፤ በየተራው ለምትሸከማት ስታወራ ድምፅዋ እስከ እኔ ይደርሳል። እጄን በአፌ ላይ ጭኜ ቆምሁ። ልጠራቸው ነበር የመጣሁት፤ ተከትያቸው ቁልቁል ወረድሁ።

ወንዙ ዳር ስደርስ ልጄ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ተቀምጣለች፣ የእንጨት ገበቴ ይዛ አሸዋ ታጥባለች። የብስ ላይ አልዘረጋ ያለው እግሯ ውሃው ሲያነሣው ቀለል ብሎ ይንሳፈፋል። ወርቅ ማጠብ የእጅና የዓይን ሥራ ነው፤ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሏል፤ ማን እንደሚሄድና ማን እንደማይሄድ አይለይም።

«ቤቴ ይቃጠላል ብለሽኝ አልነበረም?» አልኋት ጎረቤታችንን።

«ሁላችን ተሸከምን» አለችኝ፣ ከገበቴዋ ዓይኗን ሳታነሣ። «የማንን ቤት ታቃጥላለህ?»

ለዚህ ነበር ከትከሻ ትከሻ የተቀባበሏት። እኔ ደግነት ነው ብዬ ከጉብታው ላይ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ፍርሃትም ኖሮበታል፤ ጥፋት ቢደርስ የሚያዝ አንድ ሰው እንዳይኖር የታሰበ ነገር ነው። ይህን ማወቄ መደነቄን አልቀነሰውም፤ ጨመረው። ደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይደክማቸው ነበር።

ክረምቱ ወጣና ቄሱ መጡ። በቅሎዪቱ ገንዲ ሳይነካት መመለስ ስላለባት ይቸኩላሉ። «ልጅቱ የታለች?» አሉኝ።

«ሥራ ሄዳለች።»

ያላገጥሁባቸው መስሏቸው ፊታቸው ጠቆረ። ከነበቅሎዋ ወንዝ ይዣቸው ወረድሁ። ልጄ ስታያቸው ደስ ብሏት ገበቴዋን እንደያዘች እጇን ዘረጋች፣ መስቀል ተሳለመች።

«ነይ ልጄ፣ በቅሎዪቱ ተጭናለች» አሏት። «ወደ እናትሽ አገር እንሄዳለን። እዚያ ይጸልዩልሻል።»

ልጄ ጎረቤታችንን አየች። «እኔ ከሄድሁ እሷ ዱቄቷን በምን አመዛዝና ትሸከማለች?»

ጎረቤታችን ገብቷታል። «ድንጋይ ሞልቷል» አለች።

የልጄ ፊት ወደቀ። ሴትዮዋ ውሃ በእጇ ቀድታ ረጨቻትና ቀጠለች፤ «ድንጋይ ግን አያወራም። መንገድ ረጅም ነው።»

ቄሱ ቋጥኝ ላይ ተቀመጡ። ሞኝ ሰው አልነበሩም። «ስታድግስ?» አሉኝ በዝግታ። «ስትከብድስ ማን ይሸከማታል?»

አላውቅም ነበር፤ አላውቅም አልኋቸው። ጥያቄውን ለጎረቤታችን ብነግራት ይህ ምኑ ያስቸግራል በሚል ዓይን አየችኝ። «ሲከብድ ማሽላ እንጨምራለን» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገችና ሁለት ጣቶቿን አሳየችኝ፤ «ሁለት ሴት።» ዛሬ ልጄ አድጋለች፤ እንጨቱን ሁለት ሆነው በሁለት ጫፉ ይይዙታል፣ እሷ ከመሃል ናት። በአንዳንድ ቀን አንደኛው ትከሻ የእኔ ነው።

ወደ ማታ ስንመለስ ቄሱ ልጄን በቅሎዋ ላይ ላውጣሽ ቢሏት አስቸገረቻቸው፤ በተራዋ መሄድ ፈለገች። ሴቶቹ ልጄን እየተቀባበሉ ከፊት፣ ቄሱ ባዶ በቅሎ እየሳቡ ከኋላ ሄድን። ዳገቱን እስክንጨርስ ቄሱ በእያንዳንዱ ቅብብል ቆም እያሉ ያዩ ነበር።

በማግሥቱ ሲነሡ ልጄን ባርከው ሳሟት። በቅሎዋን ከፈቱ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ያ እንጨት የት ይቆረጣል?»

«እንጨቱ ቀርከሃ ነው፣ የትም አለ» አልኋቸው። «ምን ሊያደርግልዎ?»

«ከገዳሙ ደጅ ያሉትን ታውቃቸዋለህ» አሉኝ። «እዚያም ወንዙ ቅርብ ነው። ወርደው የማያውቁ አሉ።»

በዚያ ደጅ ሸክም የሚቀባበሉ ሴቶች መኖራቸውን እጠራጠራለሁ፤ ልማዴ ነውና ይህንንም ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ጎረቤታችን ግን ነገሩን ከልጄ ሰምታ፣ ከቤቷ ጥግ በአገልግሎት ብዛት የለሰለሰ አንድ እንጨት አምጥታ በቅሎዋ ላይ በአግድም አሰረችላቸው። ቄሱ ተሰናብተው ገና ጥቂት ሳይሄዱ እንጨቱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀርከሃውን ያዘ፤ በቅሎዋ ቆመች። ልጄ ከደጃፉ ሆና «አጎቴ፣ በቁመቱ ይሰሩት» ብላ ጮኸችላቸው። ወርደው ፈቱና በቁመቱ አሰሩት።