ጀግናው የማን ልጅ ነው?

ናርዲን የቸገራት ጀግኖቿ ሲሞቱ የሚያዝንላቸው ማጣቷ ነበር። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ በሚገኘው ቤቷ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመራው ጨዋታ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ተጫዋች በሐሳቡ አንድ ጀግና ይፈጥራል፤ እሷ የሚገጥመውን አደጋ ትተርካለች፤ መትረፍ አለመትረፉን ዳይስ ወርውረው ያያሉ። ታዲያ ሁሉም የሚፈጥሩት ዘመድ የሌለው ብቸኛ ጀግና ስለሆነ ቢሞትም ግድ አይሰጣቸውም። እየሰለቻቸውም መቅረት ጀመሩ።

መላው የተገኘው የናርዲ እህት በሽማግሌ የተጠየቀች ዕለት ነው። አባቷ የልጁን ዘር ማንዘር ሲጠይቁ ሽማግሌዎቹን አላባቸው። ናርዲ ይህን አጠያየቅ በጣም ወደደችው! ከዚያ ወዲህ አዲስ ጀግና ያመጣ ሁሉ ሚስት ሊያጭለት እንደመጣ ሽማግሌ ይጠየቃል፤ ሌሎቹ የልጅቷ ቤተሰብ ይሆናሉ።

መጀመሪያ ዮኤል ሰይፈኛ ጀግናውን አቀረበ። «ያሳደጉት ተኩላዎች ናቸው።»

ጓደኛው ፍቅር እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ለሠርጉ ስንት ተኩላ ይመጣል ልጄ? ጥሬ ሥጋው ለእኛ ይተርፋል?»

«እሺ በቃ! ሸቤ ከተማ አክስት አለው። እትዬ ሸዋረገጥ ይባላሉ።»

«አክስት እያለው ተኩላ ያሳድገው?»

«ከእናቱ ጋር ተኳርፈው ነበራ!»

አሁን የሚቀር ተጫዋች የለም። ግን በጨዋታው እሳት የሚተፋ ዘንዶ የሊሙ ገነትን ቡና እያቃጠለ፣ ሰይፈኛው አክስቴ ካልፈቀዱ ንቅንቅ አልልም ብሏል። አክስትየዋን የምትጫወተው ደግሞ ፍቅር ናት። ናርዲ ጎንበስ ብላ ትለምናለች፦ «እትዬ ሸዋረገጥ፣ ገድሎት ለምሳ ይመለሳል።»