የእናቴ ቡፌ

ዛሬ ጉለሌ ቤቴ ውስጥ ያረጀ ወንበር ቫርኒሽ ስቀባ፣ ሽታው የአሥር ዓመት ልጅ አደረገኝ።

ያኔ እናቴ እንጦጦ ጠበል ገብታ ነበር። አባቴ፣ እሷ ስታገባ የተሰጣትን ቡፌ እያሳየኝ፣ «ስትመለስ አዲስ ሆኖ ይጠብቃት» አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ጣቶቼ እስኪላጡ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ቫርኒሹን አብረን ቀባን። «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

እንደደረቀ ሁለት ሰዎች መጥተው ቡፌውን ፒክአፕ ላይ ጫኑት። አባቴም ልብሱን ይዞ አብሯቸው ሄደ። ሸጎሌ ሌላ ሴት ቤት መግባቱን የነገሩን ጎረቤቶች ናቸው።

እናቴ ስትመለስ ባዶውን ግድግዳ አየች፤ ከዚያ እጄን ይዛ ቫርኒሽ ያልለቀቃቸውን ጣቶቼን አገላበጠች።

«ታውቂ ነበር እንዴ፣ ልጄ?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር፤ ግን ለቅሶ ቀደመኝ። ዛሬም አብራኝ ትኖራለች። ደግማ አልጠየቀችኝም፤ እኔም እንዳላወቅኩ አልነገርኳት።