ከታች የተቆረጠው ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሊዲያ አንድ የጤና ዜና ጽፋ እንዳርምላት ሰጠችኝ። ሊዲያ አዳማ በሚገኘው ቢሯችን አብራኝ የምትሠራ ወጣት ጋዜጠኛ ናት፤ ፈጣን ናት፣ ስሕተቷም ጥቂት ነው። ዜናው ስለ አስምና ስለ አለርጂ የሚደረጉ ምርምሮች የደረሱበትን ያስረዳል። ከከብት ጋር ያደጉ ሕፃናት በአስም እምብዛም እንደማይያዙ፣ በበረት አቧራ ውስጥ ያለው ነገር የሰውነትን መከላከያ ገና በጨቅላነት እንደሚያለማምደው፣ ተመራማሪዎችም ያንን ነገር ለይተው መድኃኒት ሊያደርጉት እየሞከሩ መሆኑን ይናገራል። አለርጂ ማለት ሰውነት የማይጎዳውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው የሚመጣ ሕመም ነው ብላ አሳጥራ ገልጻዋለች። ርዕሱ «የከብት በረት ከአስም ይከላከላል» ይላል።

አንብቤ ጨረስኩና እንደገና አነበብኩት። ከዚያ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ስለቆየሁ ድካም ከየት እንደሚጀምረኝ አውቃለሁ፤ ከትከሻዬ ነው። ይህን ዜና ከዚህ በፊት እኔው ራሴ ጽፌዋለሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከተማዋንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ቢሯችን ከአንድ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር በላይ ነበረ። መስኮቱ ሲከፈት የመንገዱ አቧራና የናፍጣ ሽታ፣ ሲዘጋ ደግሞ ሙቀቱ መቀመጫ ያሳጣል። በየሳምንቱ አንድ ጋዜጣ እናወጣለን። ገጹ የሚዘጋጀው በመቀስና በሙጫ ነበር። ጽሑፍ ከቦታው ሲተርፍ የሁላችንም ልማድ አንድ ነው፦ ከታች ይቆረጣል። ማንም እንደገና ለማንበብ ጊዜ የለውም። ዋናው ነገር ከላይ ነው፣ ከታች ያለው ቢቀር አይጎዳም ተብሎ ይታሰባል።

ስለ በረትና ስለ አስም የጻፍኩት አንድ ሐኪም ካነጋገርኩ በኋላ ነው። ሐኪሙ ጥንቁቅ ሰው ነበር። ልሰናበተው ስነሣ ክንዴን ይዞ፦ «ይህ የሚሠራው ከተወለዱ ጀምሮ ከከብት ጋር ላደጉት ነው። አስም የያዘውን ልጅ ግን ገለባውና የከብቱ ፀጉር ሊያስነሣበት ስለሚችል በረት መውሰዱ አደጋ አለው። ይህቺን እንዳትረሳ» አለኝ። አልረሳሁም። ጻፍኳት፤ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ። ሊታተም ሲል የሳሙና ማስታወቂያ መጣና ጽሑፌ አራት መስመር ተረፈ። አዘጋጁ «ቁረጥ» አለኝ። መቀሱን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ጋዜጣው ከወጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጥር ውስጥ፣ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰው ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የፋብሪካ ሰማያዊ ቱታ ለብሷል። አርባ ዓመት ይሆነዋል። ስሜን ጠርቶ፦

«እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«አዎ።»

«እንዲህ ለጋ አልመሰሉኝም ነበር» ብሎ ሣቀና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

«ምንድን ነው?»

«ስኳር ነዋ።»

«ስጦታ አንቀበልም፤ የቤቱ ደንብ ነው።»

«የምኖረው ወንጂ ነው። ከወንጂ መጥቼ ምን ላምጣልዎት? ብረት?»

ዴታሞ ይባላል። ከከምባታ በወጣትነቱ ለአገዳ ቆረጣ መጥቶ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ የቀረ ሰው ነው። አስቴር የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችው። በደረቁ ወራት አገዳው ሊቆረጥ ሲል ቅጠሉ ይቃጠላል፤ ጥቁር ብናኙ የተሰጣ ልብስ ላይ፣ ወጥ ውስጥ፣ የሕፃን ፊት ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ የአስቴር ደረት ይዘጋል።

«የተባልነውን ሁሉ አድርገናል» አለኝ። «ማር አሉን፣ ነጭ ሽንኩርት አሉን፣ ጠበል የሚልም ጸሎት የሚልም ነበረ። ሐኪም ቤትም አልቀረን። ከዚያ የእርስዎን ጽሑፍ አየሁ።» ከደረት ኪሱ በፌስታል የተጠቀለለች ቁራጭ ጋዜጣ አወጣ። ማንበብ እንኳ አላስፈለገውም፤ በቃሉ ይዞታል። «ያለፈው እሑድ ወሰድኳት። የሚስቴ እናት መቂ አጠገብ ገጠር ናቸው፤ ከብታቸው ብዙ ነው። ከጥጆቹ ጋር ትተኛለች። ልክ እርስዎ እንደጻፉት።»

በመጀመሪያ ያሰብኩትን መናገር አለብኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ልጅቷ አልነበረም። «ከጥጆች ጋር ትተኛ ብዬ አልጻፍኩም» ብዬ ነው ያሰብኩት። ቃል በቃል እውነት ነበር፤ ምንም ግን አልረባኝም።

«እንሂድ» አልኩት።

«ወዴት?»

«መቂ። ሐኪሙ ለታመመ ልጅ አይሆንም ብሏል።»

ወረቀቱን ገልጦ ተመለከተ። «እዚህ ላይ ግን አይልም» አለ።

ጃኬቴን አንሥቼ ወረድኩ።

እስከ ሞጆ በሚኒባስ ሄድን፣ ከሞጆ ደግሞ የመቂ አውቶቡስ ያዝን። ገና ከመነሣታችን ዴታሞ መስኮቱን ከፈተ። ከኋላችን የተቀመጡ ሴትዮ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠቅልለው «ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ ሊመታን ነው!» አሉ።

«ልጄ ደረቷን ያማታል እናቴ፤ አየር ያስፈልጋታል።»

«የታለች ልጅህ?»

«መቂ።»

አውቶቡሱ በሙሉ ሣቀ። እሱም ሣቀ። ከእሷ ጋር ሲሄድ መስኮት መክፈት ለምዶ እጁ ሳያስበው እንደሚከፍት ነገረኝ። ዘጋውና ጭኑ ላይ የያዛቸውን ሦስት ብርቱካኖች ወደ ራሱ ሰበሰበ። ቆቃን ስናልፍ ሐይቁ በፀሐዩ እንደ ቆርቆሮ ያበራ ነበር። መንገድ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ገብቶ ወጣ። ዓለም ጤና የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ በየማሳው ዳር የገለባ ክምር ቆሟል፤ ንፋስ ሲመጣ ከክምሩ ላይ ቢጫ ብናኝ እየገፈፈ መንገዱን ያሻግረዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማየቱ ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል አብረን ስንጓዝ እውነቱን ልነግረው ብዙ ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ስለ ፋብሪካው ጠየቅኩት እንጂ አልነገርኩትም።

ከመቂ በጋሪ ሄደን ቀትር ካለፈ በኋላ ደረስን። የሚስቱ እናት በሩ ላይ ተቀበሉን፤ አስቴር «አኮ» ነው የምትላቸው፣ አያቴ ማለቷ ነው። ገና «አካም» ብለው ሰላምታውን ሳይጨርሱ «እንኳን መጣህ፤ ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አሉት።

ቤቱ ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንዱ በኩል ሰው፣ በሌላው በኩል ሦስት ጥጆች። አስቴር በመካከል ባለው አጥር ሥር፣ ገለባ ላይ በተነጠፈ ቆዳ ተቀምጣለች። እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ ተክላ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ደረቷ ከበሩ ድረስ ሲያፏጭ ይሰማል። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«አባ» አለች። ትንፋሽ ሳበች። «መጣህ» አለች።

ዴታሞ ብርቱካኖቹን ጣላቸው። «ለምን እዚህ አስቀመጧት?» አላቸው አያቲቱን።

«አንተ አይደለህ ያልከው?» አሉት ግራ ገብቷቸው። «ሲብስባት ጊዜ ይበልጥ ወደ ጥጆቹ አስጠጋኋት።»

ተሸክሟት ወጣ። ጋሪው ተመልሶ ሄዷል። ከቤቱ በታች በወንዝ ዳር ባለ የመስኖ ማሳ ሽንኩርት የሚጭን አይሱዙ ቆሞ ስላየሁ ሮጬ ሾፌሩን ለመንኩት።

«እኔ ሽንኩርት ነው የምጭነው ወንድሜ፣ አምቡላንስ አይደለሁም» አለኝ። ከዚያ ዴታሞ ደረሰና ሾፌሩ ልጅቷን አያት። ጎኑ ወደ ተቀመጠው ደላላ ዞሮ «ውረድ!» አለው።

«የት ልቀመጥ?»

«ሽንኩርትህ ላይ!»

ጋቢና ውስጥ አስቴርን በመካከላችን አድርገን ተቀመጥን። ሾፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር «ይቅርታ እናቴ» ይላታል። መስኮቶቹ ሁለቱም ተከፍተዋል፤ ማንም ዝጉ አላለም። በየትንፋሹ መካከል ያለውን ጊዜ እቆጥር ነበር። መስመር ስቆጥር የምውል ሰው ስለሆንኩ ይመስለኛል።

በጤና ጣቢያው ሸምገል ያለ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ ነበረ። ሳይጠይቅ መርፌ ወጋት፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በስቶ አፉን አፏ ላይ ገጠመና በትንፋሽ የሚሳበውን መድኃኒት በቀዳዳው በኩል ነፋላት፤ ደጋግሞም ነፋላት። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ፉጨቱ ቀነሰ፣ ከንፈሯ ቀስ በቀስ ቀላ። በመጨረሻ «ውሃ ጠማኝ» አለች፤ ሳታቋርጥ፣ በአንድ ትንፋሽ። ዴታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ድሬሰሩ እጁን እየታጠበ «ማነው ከከብት ጋር ያስተኛት?» አለ።

ዴታሞ ወረቀቱን ከፌስታሉ አውጥቶ ሰጠው። ሰውዬው መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበ። «ይህን የጻፈውን ሰውዬ ባገኘው…» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እና ጨርሰህ አትጽፍም?»

«ጽፌው ነበር። ቦታ አልበቃ አለና እኔው ቆረጥኩት።»

ድሬሰሩ ወረቀቱን ለዴታሞ መለሰለት። ዴታሞ ተቀብሎ ትኩር ብሎ አየው። «ከሥሩ ሳሙና ነበረ» አለ። ገጹን በሙሉ ያስታውሰዋል። ይጮኽብኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀመጠና እስክሪብቶዬን ከኪሴ መዝዞ ሰጠኝ።

«ጻፋት» አለኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «አንተ» ነበር የሚለኝ።

«የት?»

«ጎኑ ላይ ባዶ አለ። ጻፋት።»

በኅዳጉ ላይ፣ ወረቀቱን እያዞርኩ፣ የሐኪሙን ቃል ጻፍኩ። ጮክ ብለህ አንብብልኝ አለኝ፤ አነበብኩለት። አጥፎ ኪሱ መለሰው።

በሚቀጥለው ሳምንት አዘጋጁን ለምኜ እርማት አወጣን፤ በውስጥ ገጽ፣ አራት መስመር። ማን እንዳነበበው አላውቅም። ስኳሩን ለቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ሰጠኋት።

ዴታሞ ጡረታ ወጥቶ ብዙ ከኖረ በኋላ አረፈ። ለቅሶ ልደርስ ወንጂ ስሄድ አስቴር ወረቀቱን ከመታወቂያው ጋር አግኝታ አሳየችኝ። እሷ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት፤ መድኃኒቷ ከቦርሳዋ አይለይም። የታተመው ፊደል በእጥፋቱ ላይ ተፍቆ ሊነበብ አይችልም። በእስክሪብቶ የጻፍኩት ግን ይነበባል።

ሰኞ ዕለት ሊዲያን ጠራኋትና ጽሑፏን አብረን ተመለከትን። የታመመ ልጅ በረት አይወሰድ የሚለው ዓረፍተ ነገር አለ። እሷም ጠይቃ ጽፋዋለች፤ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው። አንሥቼ ከርዕሱ ቀጥሎ አስገባሁት።

«ጋሼ፣ ይሄማ ርዕሱን ይገድለዋል» አለች።

«ይግደለው።»

«ደግሞ አሁን እኮ የቦታ ችግር የለም፤ ስልክ ላይ ነው የሚነበበው።»

«ስልክ ላይ እስከ ታች የሚወርድ ስንት ሰው አለ?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና ርዕሱንም ራሷ ቀየረችው። ጥሩ ልጅ ናት።

ሊያመሰግነኝ የመጣው አንድ ሰው ነው። ያንን ጽሑፍ አንብበው ያልመጡት ስንት እንደሆኑ፣ ልጆቻቸውንም የት እንደወሰዱ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዲህ ያለ ዜና በወጣ ሰሞን ቢሮ አመሻለሁ። ሥራ ኖሮብኝ አይደለም። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀና ብዬ በሩን አያለሁ፤ ስኳር የያዘ ሰው እንዳይሆን።