ለወፏ የቀረችው አንድ ፎቶ

ዛሬ ጠዋት መስኮቴ ላይ አንዲት ወፍ ጮኸች። ቁመቷ አውራ ጣት አያህልም፤ ድምጿ ግን ሰፈራችንን ሲቀላን በሙሉ ይቀሰቅሳል። እኔንም መልሶ ልጅነቴ ላይ ጣለኝ።

አባዬ የሳይንስ መምህር ነበር፤ የአካባቢያችንን ትንንሽ ዘፋኝ ወፎች ዓይነት በዓይነት በፎቶ ይሰበስባል። ሳትነሳ የቀረችው ይቺው ከብርድ አገር የምትመጣው ባለ ቢጫ ደረት ነበረች። አንድ ቀን ጫኖ መንደር፣ አቶ ዶሳ የሚባሉ ገበሬ ማሳ ውስጥ፣ የበሰለ ማንጎ ሽታ አስክሮን ተጋድመን ሳለ ብቅ አለች። ፊልሙ ላይ የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ትንፋሼን ከመያዜ የተነሳ ጆሮዬ ሊፈነዳ ደረሰ።

«መምህር፣ ይቆዩ እንጂ!» አቶ ዶሳ እናታቸውን የእሁድ ልብስ አልብሰው፣ ወንበር ተሸክመው ደረሱ። «እናቴ ፎቶ ተነስታ ሳታውቅ ወፍ ይነሳል እንዴ?»

አባዬ ብድግ ብሎ አቧራውን አራገፈ። «ወፏ እንደሆነች በየዓመቱ ትመጣለች» ብሎኝ አሮጊቷን አነሳቸው። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ቤታችን እስክንደርስ አለቀስኩ።

በዓመቱ እውነትም ወፏ መጣች። አሮጊቷም መጡ፤ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው። ይኸው እስከ ዛሬ ያቺን ወፍ በፎቶ አልያዝናትም፤ የጫኖን ሰው ግን ከነልጅ ልጁ አንስተን ጨርሰናል።