ለማየት ብቻ የተከፈተ ፋይል

ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ ስለ ሰው ልጽፍ መድፈሬን ይቅር በሉኝ። የተሳሳትኩትን እያረማችሁ አንብቡ።

ኦክላንድ ውስጥ ክንፉ የሚባል ሰው አለ። ሳን ሆዜ ላለ መሥሪያ ቤት ከቤቱ ሆኖ ይሠራል። ሥራው ተንኮል አለባቸው የተባሉ ፋይሎችን በልዩ ፕሮግራም እንደ ዶሮ ብልት ብልታቸውን እያወጣ ውስጣቸውን ማየት ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው አያናግረውም። ስልኩ የሚጮኸው ከሚሄድበት ቸርች የአንዱ ሰው ኮምፒውተር ሲታመም ብቻ ነው፤ እሱም ለክንፉ ብዙ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት የቸርቹ አባል እትዬ እታገኝ ከሳን ፓብሎ ደወሉ። ከኪራይ ቤቱ ኦፊስ መጣ የተባለ ፋይል በኢሜይል ደርሷቸው ፈርተው ኖሯል፤ ልኬልሃለሁ፣ ቼክ አድርግልኝ አሉት። ደንቡ እንዲህ ያለውን ከኢንተርኔት በተነጠለው አሮጌ ላፕቶፕ መክፈት ነው። እሱ እስኪነሳ ግን ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ እትዬ ደግሞ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ማውራት ጀምረዋል፣ ስልኩን እንዲዘጉበት አልፈለገም። ፋይሉን ላየው እንጂ ላስነሳው አይደል ብሎ በራሱ ኮምፒውተር ከፈተው። ፕሮግራሙን አፕዴት አድርግ ከተባለ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር።

ፋይሉ ለካ ለመርማሪ የተጠመደ ነው። ርዝመቴ ይህን ያህል ነው ብሎ ይዋሻል፤ ፕሮግራሙ ሳይለካ አምኖ ይቀዳዋል፤ ሞልቶ የፈሰሰው የማይነካ ቦታ ገብቶ ትእዛዝ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም ከዚያ ወዲያ ለተንኮለኛው ይታዘዛል። ክንፉ ያየው ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ብቻ ነው። እስክነግርዎ አይንኩት ብሏቸው ተለያዩ።

አርብ አመሻሽ ላይ መልሰው ደወሉ።

«ክንፉዬ፣ ያን ፋይል አንተው መልሰህ ልከህልኛል። ደህና ነው ማለት ነው? ልክፈተው?»

እሱ አልላከም። ኢሜይሉ ውስጥ አድራሻው ላለ ለቸርቹ ሰው ሁሉ በስሙ ተበትኗል ማለት ነው። እውነቱን ከተናገረ ከእንግዲህ ማን ይደውልለታል? ዝም ካለ ደግሞ ይከፍቱታል።

«አይክፈቱት እትዬ። እኔ አይደለሁም የላክሁት። በራሴ ጥፋት ኮምፒውተሬ ሀክ ተደርጓል።»

«እኛስ ታዲያ ከእንግዲህ ማንን እንጠይቅ?» አሉና ደህና እደር ብለው ዘጉ።

ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ነቀለ፤ በስልኩ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ቀየረ፤ የቸርቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አትክፈቱት ብሎ ጻፈ። ብዙዎቹ አዩት። የመለሰለት የለም።

በማግስቱ ጠዋት መልእክት የማያነቡትን ሽማግሌዎች ስም በወረቀት አስፍሮ አንድ በአንድ ይደውል ጀመር። የመጀመሪያው አቶ ጥሩነህ ናቸው። ድምፁን አላወቁትም።

«ማን ልበል?»

«ክንፉ ነኝ» አለ፤ «ኮምፒውተር የሚያየው።» ነግሯቸው ሲጨርስ ወደ ሁለተኛው ስም አለፈ።