ያልታረሰችው አውድማ

ባለፈው ኅዳር ኮኪት ባለው፣ ከአባቴ በተረከብሁት እርሻዬ ላይ የመውቂያ ማሽኑ ተበላሸና ከጎጃም የመጡ ሁለት የቀን ሠራተኞች ማሽላውን በዱላ መውቃት ጀመሩ። ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱ ሲያነሳ ሌላው እየጣለ፣ ዱብ ዱብ፣ ዱብ ዱብ። ሥራ ቆመብኝ ብዬ ስነጫነጭ የዋልሁት ሴትዮ ጠጋ ብዬ ቆምሁ። የማሽላው ብናኝ አፍንጫዬን ሞላው፤ አያ ታዘዘው ትዝ አሉኝ።

አያ ታዘዘው ብቻቸውን ነበር የሚወቁት። ዱላቸውን አንዴ ዱብ ያደርጉና ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ እንደገና ዱብ። በመካከል የሌላ ሰው ተራ ያለ ይመስል ነበር። ሁለተኛ ዱላማ ነበር፤ በእጅ ብዛት የለሰለሰ፣ ሁልጊዜ ከፊት ለፊታቸው የሚጋደም። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ የቤቱ ቀበጥ እኔ፣ አንስቼ በዚያች ክፍተት ልመታ ስል ተቆጥተውኝ የማያውቁት ሰው "ተይው! ባለቤት አለው" አሉኝ።

መናገር የሚከብደኝን ልናገር። አያ ታዘዘው የአያቴ ባሪያ ነበሩ። በልጅነታቸው ከቋራ ቆላ ተፈንግለው የተሸጡ፣ ስማቸውን እንኳ አያቴ ያወጡላቸው የጉሙዝ ሰው ናቸው። ነጻ ወጡ ከተባለም በኋላ በቤታችን ትልቅ ትንሹ "አንተ" ይላቸው ነበር፤ እኔም ጭምር። አንቱ ማለት የጀመርሁት ከሞቱ በኋላ ነው፤ ምን ያደርጋል።

የዱላውን ባለቤት የነገረችኝ አክስቴ እታጉ ናት። ሰጠኝ ይባል ነበር፤ እሱም እንደ አያ ታዘዘው የተገዛ። ሁለቱ አውድማው ዳር ባለች ጎጆ በአንድ ቁርበት ላይ ይተኙ ነበር። አያቴ ሴት ላጋባህ ቢሏቸው አያ ታዘዘው እምቢ ብለው ተገረፉ፤ ሰጠኝም እምቢ ብሎ ተገረፈ። "ምን ይደረግ ልጄ፣ እንደ ባልና ሚስት ይዋደዱ ነበራ" አለች አክስቴ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ጣሊያን የገባ ጊዜ አያቴ ሲዘምቱ ሰጠኝን ስንቅ አሸክመው ወሰዱት። ሰጠኝም አያ ታዘዘውን "አውድማው ላይ ጠብቀኝ" ብሎ ሄደ። አያቴ ተመለሱ፤ እሱ ቀረ። ይሙት ወይ ሱዳን ይሻገር አያቴ አልተናገሩም፤ ደፍሮ የጠየቃቸውም የለም።

ሌሎቹ ነጻ ሲወጡ ወደ ሽንፋ፣ ወደ ገለጉ፣ ወደየዘመዳቸው ሄዱ። አያ ታዘዘው ንቅንቅ አላሉም። ሰው ጌታ ወዳድ ነው አላቸው።

አባቴ የመጀመሪያውን ትራክተር ያመጣ ዓመት የሰሊጡን መሬት ለማስፋት ጎጆዋም አውድማዋም እንዲታረሱ ተቆረጠ። ጠዋት ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ አያ ታዘዘው ሁለቱን ዱላዎች ታቅፈው አውድማው መካከል ተቀምጠዋል። እኔ የአባቴን ጋቢ ይዤ ቆሜያለሁ።

"ተነስ እንጂ። ሌላ ጎጆ እሠራልሃለሁ" አለ አባቴ።

"ጎጆዋን ያፍርሷት፣ ጌታው። አውድማዋን ግን ይተዉልኝ። ሲመጣ የት ብሎ ያገኘኛል?"

አባቴ ፈገግ አለ። "ስንት ዓመቱ! ለወንድምስ ቢሆን እንዲህ ይጠበቃል?"

"ወንድሜ አደለም" አሉ፣ ቀና ብለው እያዩት። "ጉልበቴ ያባትዎ ነበር። ልብሴ ያባትዎ፣ ስሜም ያባትዎ። ሰጠኝ ብቻ ነው የኔ። እኔም የሱ።"

አባቴ መሬት መሬት አየ። እንዲያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም፤ እኔንም አሳፈረኝ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው። ከዚያ ለሹፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠው። ትራክተሩ አውድማዋን ዞሮ አለፈ።

አያ ታዘዘው ከዚያ ወዲያ ሁለት መኸር ብቻ ወቁ፤ እንደ ልማዳቸው አንዴ እየመቱ፣ አንዴ እየጠበቁ። ሰጠኝ አልመጣም። ሁለቱ ዱላዎች ዛሬ እኔ ቤት፣ ከበር ኋላ ጎን ለጎን ቆመዋል።

በግንቦት አዲስ የቀጠርሁት ሹፌር ከትራክተሩ ወርዶ መጣ። "እማማ፣ መሀል ላይ ያለችውን ክብ መሬት ለምን አናርሳትም? መቃብር ናት እንዴ?"

"አይ ልጄ" አልሁት፣ "ሰው የተቀጣጠረባት ናት።"

ግራ ገብቶት አየኝ። ከዚያ ትራክተሩ ላይ ወጣና መሪውን ጠመዘዘ።