ፋክስ የሚል ሳጥን

በስፌት ቤቱ ሰው ሁሉ «እትዬ ሜትር» ይላታል። መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅማ። አንድ ጊዜማ ሳታወልቀው ሠርግ ሄዳ፣ ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች አየችና «እጅጌው በአንድ ጣት በልጧል» ብላ ሚዜዎቹን አስቃለች። ሥራዋ ልክ መውሰድና የተሰፋውን ማስተካከል ነው። ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት ደግሞ የደንበኛውን ልክ ኮምፒውተር ላይ የምታሰፍረውም እሷው ናት።

ፕሮግራሙ ያረጀ ነው። ስም፣ ስልክ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ ይጠይቅና መጨረሻ ላይ «ፋክስ» የሚል ረጅም ሳጥን ይከፍታል። ፋክስ ያለው ደንበኛ አንድም ቀን ገጥሟት አያውቅም። እሷ ደግሞ ባዶ ቦታ ማየት አትወድም። ስለዚህ በሜትር የማይለካውን ሁሉ እዚያ መጻፍ ጀመረች። «ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል። ውስጡን ሙሉለት፤ እንዳይነገረው።» «ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። አትመኑት፤ ሦስት ጣት ጨምሩ።» ቆራጩ መቀስ ከማንሳቱ በፊት መጀመሪያ የሚያየው ፋክሱን ነው። ይህን የማያውቀው የስፌት ቤቱ ባለቤት ብቻ ነበር። ቤቱን ከአባቱ ከወረሰ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ኮምፒውተሩንም የሚከፍተው ጨርቅ ለማዘዝ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ክር አቅራቢው ከክሩ ጋር ወሬ ይዞ መጣ።

«ይሄ ፕሮግራማችሁ እኮ ሊቀር ነው አሉ። ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ ሠሪዎቹም አይነኩትም።»

ባለቤቱ ወዲያው ሠሪዎቹ ዘንድ ደወለ። እንዲህ ያለ ዕቅድ የለንም አሉት።

«የለንም ሲሉ ድምፃቸው ደስ አላለኝም» አለ ስልኩን ዘግቶ።

«ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት። የክር ነጋዴ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል?» አለችው እትዬ ሜትር።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አለ ቆራጩም ከጠረጴዛው ማዶ።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው እትዬ። ሌላ እንመርጣለን፤ የምትመርጪውም አንቺ ነሽ» አለ ባለቤቱ።

ሁለት ሻጮች መጡ። የመጀመሪያው ሰውዬ ፕሮግራሙ የማያደርገው ነገር እንደሌለ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳ። እትዬ ሜትር ግን ዓይኗ ጣቶቹን በሸፈነው እጅጌው ላይ ስለነበር ግማሹን አልሰማችውም። ሁለተኛዋ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። የማይሆነውን አይሆንም አለች፤ ለሁለት ሳምንት እንዲሞክሩትም ተወችላቸው። በአንድ ነገር ብቻ ሁለቱም ተስማሙ፤ ስሙም ልኩም ወደ አዲሱ ይሻገራል፣ ፋክሱ ይቀራል።

«ፋክስ? በዚህ ዘመን?» ብላ ሳቀች ሴትዮዋ።

እትዬ ሜትርም አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። በዚያ ሳጥን ውስጥ ከሦስት ሺህ ደንበኞች መካከል አንዱ የባለቤቱ አባት ነበሩ። በመጨረሻው ዓመታቸው በሽታው ከውስጥ ሲጨርሳቸው፣ በየወሩ ሱፋቸውን እያመጡ «አጥብቢልኝ፤ ልጄ እንዳያይ» ይሏት ነበር። አስምለዋታል። ልጁ እስከዛሬ የሚያውቀው አባቱ በድንገት እንደሞቱ ነው። ዝም ካለች ምስጢሩ ከሳጥኑ ጋር ይጠፋል። ከተናገረች የአሥራ አራት ዓመት ልፋቷ ይተርፋል፤ ልጁ ግን ያነበዋል። ፈራችና ዝም አለች።

ዝምታዋ የቆየው አሥር ቀን ነው። የሙከራው ፕሮግራም ላይ የመጀመሪያው ትእዛዝ የአንድ የሒሳብ አስተማሪ ኮት ነበር። ቆራጩ የሚያየው ፋክስ ስላልነበረ በቁጥሩ ብቻ ቆረጠ። ሰውየው ለብሶ መስታወቱ ፊት ቆመና ዝቅ ያለ ግራ ትከሻውን እያየ ብዙ ቆየ።

«ትከሻዬ እንዲህ ነው እንዴ?» አለ።

ኮቱን አውልቆ በዝግታ አጣጠፈው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት ቀጥ ብሎ ሲወጣ የኖረ ሰው ነው። እትዬ ሜትር በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ክፍል ገባች።

«አሮጌውን ክፈት። ፋክስ የሚለውን እይ» አለችው።

ቁጭ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሆዱን የሚስበው ሰውዬ ጋ ሲደርስ በሳቅ ፈነዳ። የራሱን ፈልጎ አገኘ፦ «ሲለካ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ቁርጥ አባቱን።» ይሄኔ የአባቱን ስም ጻፈ። እትዬ ሜትር የሜትሩን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ጀመር።

«ጥር፦ ወገብ ሁለት ጣት ጠበበ። የካቲት፦ ደረት ሁለት፣ ወገብ ሦስት። መጋቢት፦ መቆም አቃታቸው፤ ተቀምጠው ለካሁ። ልጁ እንዳያውቅ ብለዋል።»

«ልብሱ ሰፍቶት አንድ ቀን አይቼ አላውቅም» አለ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ። «ደህና ነው እያልኩ ነበር እኮ። አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሁለት ቀን ሰላም ሳይላት አለፈ። አልፈረደችበትም። ብቻ የቤቱ ወለል እየረዘመባት፣ ከማሽኗ እስከ በሩ መሄድ ከበዳት።

በሦስተኛው ቀን ቦርሳ ይዞ ማሽኗ አጠገብ ቆመ።

«ሁለተኛዋን መርጫለሁ። ፋክሱን ካላሻገርሽ አልፈርምም ብያት እሺ ብላለች» አለ። ከዚያ ከቦርሳው የአባቱን የመጨረሻ ሱፍ አወጣ። «ልለብሰው ብዬ እጄን እንኳ አላስገባ አለኝ። ትንሽ ማስፋት ይቻል ይሆን?»

ኮቱን ገልብጣ ገበሩን ፈታችው። ልብስ ሲጠብ ትርፉ ይቆረጣል፤ በስፌት ቤት ያደገ ልጅ ይህን አያጣውም። እዚህ ግን የጥሩም፣ የየካቲቱም፣ የመጋቢቱም ጨርቅ እጥፍ በእጥፍ ሆኖ ውስጥ ተቀምጧል። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው።

«ሁሉም አለ» አለ። «ለምን አልቆረጥሽውም?»

እትዬ ሜትር ክሩን መፍታቷን አላቆመችም።

«ይድናሉ ብዬ ነዋ» አለችው።